ካላሚቲ ጄን ስንት ዓመቷ ነበር?

የአሜሪካ የካውቦይ ዘመን ዝነኛዋ ሴት ማርታ ጄን ካናሪ፣ በቅጽል ስሟ ካላሚቲ ጄን፣ እ.ኤ.አ. በ1896 ባሳተመችው ትንሽ የሕይወት ታሪክ በ1852 ተወለድኩ ትላለች። የ1860ው የሕዝብ ቆጠራ ግን ሚዙሪ ውስጥ፣ እናት አባቷ ቤት፣ የ4 ዓመት ልጅ ብሎ መዝግቧታል። እኔ ቆጣሪውን አምናለሁ። ሊሳሳት ይችላል፣ ግን የሚሸጠው ነገር የለውም፤ እሷ ደግሞ ያቺን መጽሐፍ እየዞረች ትሸጥ ነበር።

በ1941 ደግሞ አንዲት ሴት «የጄንና የዋይልድ ቢል ሂኮክ ልጅ ነኝ» ብላ፣ እናቴ ጻፈችልኝ ያለቻቸውን ደብዳቤዎች ይዛ ብቅ አለች። ችግሩ፣ ጄን መጻፍ እንደማትችል ነው የታሪክ ተመራማሪዎች የሚናገሩት! ይህችን «ልጅ» ስልክ ላይ ባለ የዘር ሐረግ መተግበሪያ መጨመር ግን አንድ ንክኪ ነው፤ አንዱ ይጨምራል፣ ሌላው ይገለብጣል። እባካችሁ፣ ከመንካታችሁ በፊት የቆጠራውን ገጽ ፈልጋችሁ እዩት። የእናቷ ስም፣ ሻርሎት፣ እዚያው አለላችሁ።