ቁርጥማት ከሥራ ሲያስቀር ምን ማድረግ አለብዎት?

ባለፈው ክረምት አንዲት መምህርት በጎንደር ከተማ ወደምሠራበት የምርመራ ክፍል ገቡ። ከደጋው ወረዳዎች ከአንዱ የመጡ፣ 16 ዓመት ያስተማሩ ናቸው። የሁለቱም እጆቻቸው ጣቶች ከሥራቸው አብጠዋል። “ዶክተር፣ ጠመኔ መያዝ አቃተኝ። ጠዋት ልብሴን እንኳ የምትቆልፍልኝ ልጄ ናት። ስለዚህ መልቀቂያ ላስገባ ነው” አሉኝ። ደብዳቤው ተጽፎና ተፈርሞ በቦርሳቸው ውስጥ ነበር።

እኔም መድኃኒት ከማዘዜ በፊት ደብዳቤውን እንዳያስገቡ ለመንኳቸው። ምክንያቱን ለእርሳቸው እንደነገርኳቸው ለእርስዎም ልንገርዎት፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ በቦርሳው የያዘ ሰው ከአንባቢያን መካከል እንደማይጠፋ አውቃለሁና።

በቅድሚያ ስለ ሕመሙ ጥቂት እንበል። በእኛ አካባቢ መገጣጠሚያ ላይ የሚሰማ ሕመም ሁሉ “ቁርጥማት” ይባላል፤ ጥፋቱም ብዙውን ጊዜ በብርድ ይሳበባል። የመምህርቷ ሕመም ግን ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው። ከሪህም ሆነ ዕድሜ ሲገፋ ከሚመጣው የጉልበት ሕመም የተለየ ነው። የሰውነታችን የመከላከል ኃይል ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ የሚከሰት ሲሆን፣ በአብዛኛው የሁለቱንም እጆች ትናንሽ መገጣጠሚያዎች በአንድነት ይይዛል። ጠዋት ጣት አልታዘዝ ይላል፤ ይህ ግትርነት ከግማሽ ሰዓት እስከ ብዙ ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ሴቶችን ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያጠቃል፤ ብዙውን ጊዜም የሚጀምረው ሰው ቤተሰብ በሚያስተዳድርበት ዕድሜ ነው። የደባርቅና የዳባት ብርድ ሕመሙን ያብሰው ይሆናል እንጂ አያመጣውም። ስለዚህ ቆላ መውረድ ብቻውን አያድንም።

መድኃኒት አለው። ጨርሶ አይነቅለውም፤ በጊዜ ከተጀመረ ግን መገጣጠሚያው እንዳይጣመም ይከላከላል። ዋነኛው ሜቶትሬክሴት የሚባለው ሲሆን የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በስህተት በየቀኑ መውሰድ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። እርጉዝ የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት መውሰድ የለባትም። ጉበትን ስለሚነካ ከአረቄና ከሌላ መጠጥ ጋር አይስማማም፤ በየጊዜው የደም ምርመራም ይጠይቃል። ጠበል የሚጠመቁ ከሆነ ይጠመቁ፤ መድኃኒቱን ግን አያቋርጡ።

አሁን ወደ ደብዳቤው እንመለስ። በመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 እና በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 “የጤና ጉድለት ጡረታ አበል” የሚባል መብት አለ። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለና በጤና ጉድለት ምክንያት ሥራውን መቀጠል የማይችል መሆኑ በሕክምና ቦርድ የተረጋገጠ ሠራተኛ የጡረታ ዕድሜ ሳይጠብቅ አበሉን ያገኛል። አገልግሎቱ ከ10 ዓመት በታች ከሆነ ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት አለ። ስሌቱ ከአገልግሎት ጡረታ ጋር አንድ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው እያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰባል። አማካይ ደመወዙ 8,000 ብር ለሆነና 16 ዓመት ላገለገለ ሰው 37.5 በመቶ፣ ማለትም በወር 3,000 ብር ይሆናል። ገንዘቡ ብዙ ላይሆን ይችላል፤ ግን በየወሩ የሚመጣ ነው።

በራሱ ፈቃድ መልቀቂያ ያስገባ ሰው ግን ይህ በር ይዘጋበታል። የአገልግሎት ዘመኑ ቢበቃውም እንኳ አበሉን ለማግኘት የጡረታ ዕድሜው እስኪደርስ መጠበቅ ይኖርበታል። አንዲት ፊርማ የስንት ዓመት እንጀራ እንደምታስቀር ይመልከቱ። “ለቅቄያለሁ” እና “በጤና ምክንያት ተሰናብቻለሁ” በሕግ ፊት እጅግ የተራራቁ ናቸው።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? አንደኛ፣ ሕመምዎን አይደብቁ። ብዙ ሠራተኛ አለቃው እንዳይንቀው በመፍራት ለዓመታት ችሎ ይሠራል። በመጨረሻ ሲያመለክት ግን በማኅደሩ ውስጥ አንድም የሕመም ፈቃድ የለም። ያልተመዘገበ ሕመም እንዳልነበረ ይቆጠራል። በግል ድርጅት ለሚሠሩ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ የእርስዎን የፈቃድ መጠን ከመሥሪያ ቤትዎ የሰው ሀብት ክፍል ይጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ወረቀት ይሰብስቡ። የደም ምርመራ ውጤት፣ የእጅና የእግር ራጅ፣ የታዘዘልዎትን መድኃኒት ስምና የጀመሩበትን ቀን፣ የቀጠሮ ካርድዎን ሁሉ በአንድ አቃፊ ያኑሩ። መድኃኒት በአግባቡ ወስደው ያልተሻለዎት መሆኑ ራሱ ማስረጃ ነው። ሕክምና ሳይሞክሩ ቦርድ ፊት ቢቀርቡ ግን “መጀመሪያ ይታከሙ” መባልዎ አይቀርም፤ እውነትም ነው።

ሦስተኛ፣ የማይችሉትን ሥራ በዝርዝር ይጻፉ። ይህ ሕመም ከፍ ዝቅ የሚል ነው። ጠዋት ኩባያ ማንሳት ያቃተው ሰው ከሰዓት በኋላ የሐኪም እጅ አጥብቆ ሊጨብጥ ይችላል። ቦርዱ የሚያይዎት ደግሞ ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ምናልባትም በደኅናው ቀንዎ። ስለዚህ ቢያንስ ለአንድ ወር በደብተር ይመዝግቡ። ጣትዎ የተፍታታው ስንት ሰዓት ላይ ነው? ሰሌዳ ላይ ስንት መስመር ጻፉ? ቁልፍ መቆለፍ፣ ሊጥ ማቡካት፣ ጀሪካን ማንሳት ቻሉ? አያጋንኑ፤ ግን አያሳንሱም። ሐኪም “እንዴት ነዎት?” ሲል “እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ” ማለት ባህላችን ነው። ምስጋናውን ያድርሱ፤ ቀጥለው ግን ሕመሙን ይናገሩ።

አራተኛ፣ ትክክለኛውን በር ያንኳኩ። ሩማቶይድ አርትራይተስ በሥራ ላይ የደረሰ አደጋ አይደለም። “የጉዳት ጡረታ” ብለው ቢያመለክቱ በከንቱ ይመላለሳሉ። የእርስዎ የጤና ጉድለት ነው። ማመልከቻዎ በመሥሪያ ቤትዎ በኩል ለመንግሥት ሠራተኞች ወይም ለግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ይቀርባል። ውሳኔው ካላረካዎት ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለ። የይግባኝ ጊዜ ስለሚያልፍ የውሳኔውን ደብዳቤ የተቀበሉበትን ቀን ጽፈው ያስቀምጡ።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ስለ ሐኪሞችም እውነቱን ልናገር። ብዙዎቻችን “የቁርጥማት ሕመምተኛ ናቸው፤ ዕረፍት ያስፈልጋቸዋል” ብለን በሁለት መስመር እንጽፋለን። እኔም ወረፋው በበዛበት ቀን እንዲህ ጽፌ አውቃለሁ። ይህ ወረቀት ለታካሚው ምንም አይጠቅምም። ቦርዱ ማወቅ የሚፈልገው የበሽታውን ስም ብቻ አይደለም፤ ሰውየው ምን መሥራት እንደሚችል፣ ምን እንደማይችል፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደታከመና የመሻል ተስፋ እንዳለው ነው። ስለዚህ ሐኪምዎን “ዶክተር፣ የማልችለውን ሥራ ዘርዝረው ይጻፉልኝ” ብለው ይጠይቁ። ድፍረት አይደለም።

ይህ ሁሉ ግን ደመወዝ ላለው ሰው ነው። በጃናሞራና በበየዳ ተራሮች ላይ ገብስ የሚያርሰው፣ እንጀራ የምትጋግረው፣ ውኃ የምትቀዳው ሰው ጡረታ የለውም። አንዲት እናት “ልጄ፣ እጄ አለ ይሉኛል፤ እኔ ግን እጅ የለኝም” ብለውኝ ያውቃሉ። ለእንዲህ ያሉ ወገኖች ያለው መንገድ የሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። በፕሮግራሙ በታቀፉ ወረዳዎች መሥራት የማይችሉ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና የቆየ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በማኅበረሰብ ሥራ ሳይሰማሩ “ቀጥታ ድጋፍ” ያገኛሉ። መራጩ የቀበሌው ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው የተቆረጠ እግር ያያል፤ ያበጠ አንጓ ግን ላያይ ይችላል። እንግዲያው ከጤና ጣቢያ ወይም ከሆስፒታል የተጻፈ ማስረጃ ይዘው ይቅረቡ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም እንድትመሰክርልዎ ይጠይቁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮዎንም በወቅቱ ያድሱ፤ ይህ መድኃኒት የዕድሜ ልክ ነውና።

የራሴን አስተያየት ልጨምር። የጡረታ ሕጋችን በጤና ጉድለት ረገድ ሰውን በሁለት ይከፍላል፤ የሚሠራና የማይሠራ። ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለበት ሰው ግን ብዙ ጊዜ በመካከል ነው። በቀን አራት ሰዓት መሥራት ይችላል፤ ስምንት ሰዓት አይችልም። ጀርመን በቀን ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ መሥራት ለሚችል ሰው ከፊል የጡረታ አበል ትከፍላለች። እኛ የጀርመን ሀብት የለንም። ሆኖም ግማሽ ቀን የምታስተምር ልምድ ያላት መምህርት ከነጭራሹ ቤት ከምትቀር መምህርት ይልቅ ለአገር ትጠቅማለች፤ ለጡረታ ፈንዱም ሸክም ታቀላለች። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ እንዲያደርግ ያዛል። ከፊል አቅም ላለው ሠራተኛ ከፊል አበል ይታሰብ ማለት ከዚህ መንፈስ የወጣ አይመስለኝም።

እስከዚያው በእጃችን ያለውን ሕግ እንጠቀምበት። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሥራ ሁኔታውን እንዲያመቻች ግዴታ ጥሎበታል። ይህ ሲባል ትልቅ ወጪ ብቻ አይምሰልዎት። የወፈረ እስክሪብቶ፣ ወንበር፣ የሰዓት ለውጥ ሊሆን ይችላል። ጡረታ ከመጠየቅዎ በፊት ይህንን በጽሑፍ ይጠይቁ። ከተፈቀደልዎ ደመወዝዎ አይቋረጥም፤ ካልተፈቀደልዎ ደግሞ መጠየቅዎ ለቦርዱ አንድ ተጨማሪ ማስረጃ ነው።

መምህርቷም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ከሐኪም ማስረጃ ጋር ለርእሰ መምህራቸው አመለከቱ፤ ጣታቸው ከተፍታታ በኋላ እንዲያስተምሩም ወደ ከሰዓት ፈረቃ ተዛወሩ። መድኃኒታቸውን በየሳምንቱ ይወስዳሉ። ሕመሙ አልጠፋም፤ አንድ ቀን ቦርድ ፊት ይቀርቡ ይሆናል። ያን ጊዜ ግን የሚይዙት የመልቀቂያ ደብዳቤ ሳይሆን ሙሉ አቃፊ ይሆናል። ባለፈው ቀጠሯቸው ደብዳቤውን ምን እንዳደረጉት ጠየቅኳቸው። “ቀድጄ እሳት ለኮስኩበት” አሉኝ። እርስዎም የጻፉት ካለ አያስገቡት፤ አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ።