ማረሻ የሌለው ሞፈር

ባለፈው ክረምት እዚህ ፈረስ ቤት የሰፈራችን ወፍጮ ቆሞብን ነበር። ሞተሩ ደህና ነው፤ ያለቀችው ዘንጉ የሚዞርባት ቦኮላ ናት። አዲስ የሚቀርጽ ቶርኖም፣ አንድ ቁራጭ ነሐስም ነበረን። ልጁ ነሐሱን በልኩ ቀርጾ፣ በስቶ፣ በመጨረሻ ቆርጦ ሊያወርደው ሲል ሦስት ሚሊ ሜትር የምትሰፋው መቁረጫ ተሰበረች። ቦኮላዋንም ይዛ ጠፋች። ሌላ መቁረጫ የለም፣ ሌላ ነሐስም የለም። መንገዱ ተከፍቶ ከፍኖተ ሰላም ሌላ እስኪመጣ እናቶቻችን እህል አዝለው ሌላ ቀበሌ ሲወርዱ ከረሙ።

ልጁን አልወቅሰውም። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የተመረቀ ጎበዝ ነው። በሥልጠናው ስንት ጊዜ እንደቆረጠ ብጠይቀው፣ መምህሩ ሲቆርጥ ከማየት በቀር ራሱ ሞክሮ እንደማያውቅ ነገረኝ። ምክንያቱ? መቁረጫው እንዳይሰበር!

በቶርኖ ላይ ከባዱ ሥራ ደግሞ ይኸው መቁረጥ ነው። ቀጭን ስለት ወደ ብረቱ ጠልቃ ስትገባ ፍቅፋቂው መውጫ ያጣል፣ ስለቷም ትያዛለች። ስለዚህ ምርጫውም አያያዙም እውቀት ይፈልጋል። ለትንሽና ላረጀ ማሽን ሃይ ስፒድ ስቲል ይሻላል፤ ሲደንዝ በግራይንደር ይሳላል። ካርባይድ ሙቀት ይችላል፣ ማሽኑ ከተንቀጠቀጠ ግን ጫፉ ይረግፋል፤ ከረገፈ ሌላ መግዛት ነው። አርባ ሚሊ ሜትር ድፍን ብረት ለመቁረጥ ስለቷ ከሃያ ጥቂት ብቻ አልፋ ትውጣ፤ ከዚያ በላይ ከወጣች ትንቀጠቀጣለች። ጫፏ ከብረቱ መሐል እኩል ከፍታ ላይ ይሁን፣ ለብረቱም ቀጥ ብላ ትቁም። ፍጥነቱ ይቀነስ፣ ብረት ሲቆረጥ ዘይት አይቋረጥ፣ የሚቆረጠውም ለቻኩ ቅርብ ይሁን። ይህ ሁሉ በንባብ ሳይሆን ጥቂት ስለት በመስበር የሚለመድ ነው።

እኛ ግን የምንቆጥረው ማሽን ነው። ርክክብ ሲሆን ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሪፖርት ይጻፋል። ስለቱን በጀት ማን ያስታውሰዋል? “አላቂ እቃ ነው፣ በጀት ይበላል” ይባላል። አቧራ ለብሶ የቆመ ማሽንስ በጀት አልበላም?

ቡሬ ላይ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ገንብተናል። የፋብሪካ ማሽንም እንደ ወፍጯችን ቦኮላው ያልቃል። ያን ጊዜ ቀርጾ የሚተካው ባለሙያ ከየት ይመጣል?

የምለው ቀላል ነው። ቶርኖ የሚገዛ ኮሌጅ በዚያው ግዥ መቁረጫ፣ የግራይንደር ድንጋይ፣ ዘይትና መለማመጃ ብረት አብሮ ይግዛ። ስለት በእጁ ስሎ፣ ብረት በእጁ ያልቆረጠ ሠልጣኝም አይመረቅ።

የጎጃም ገበሬ ሞፈር ይዞ ማረሻ ሳይዝ እርሻ አይወርድም። እስኪ በየአካባቢያችሁ ያለው ኮሌጅ ጎራ በሉና ማሽኑን ሳይሆን ስለቱን አሳዩን በሏቸው።