አንጋፋው አጥቂ ሲፈርም ኪሳራው የማን ነው?

ክረምት ሲገባ የአርጆ ገበያ ቀዝቀዝ ይላል። ቡናው አልደረሰም፤ በቆሎውም ገና ማሳ ላይ ነው። በዚህ ወቅት የሚሟሟቅ አንድ ገበያ ቢኖር የተጫዋቾች ዝውውር ነው። ከነቀምቴ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ሻይ ቤት የተቀመጠ ደጋፊ፣ የትኛው አንጋፋ አጥቂ ለየትኛው ክለብ ሊፈርም እንደሆነ፣ ስንት ብር እንደተጠራለት፣ ዕድሜው እውነተኛ ይሁን አይሁን፣ የውጭ ዜጋ ከሆነም የሥራ ፈቃድ ያገኝ እንደሆነ ሲከራከር ይመሽበታል። አንዱ ወገን ጎል ማግባት በዕድሜ የሚጠፋ ሙያ አይደለም ይላል። ሌላው ደግሞ ጉልበቱን ሌላ አገር ጨርሶ ለመጣ ሰው ገንዘብ አይፈስም ባይ ነው።

ክርክሩ የቲፎዞ ቢመስልም ነጋዴ ጆሮውን ሊሰጠው የሚገባ ጥያቄ በውስጡ አለ። አጥቂው ከፈረመ በኋላ የሥራ ፈቃዱ ቢዘገይ ወይም ጭራሹን ቢቀር፣ ኪሳራውን የሚሸከመው ማነው? ብዙው ደጋፊ ፈቃድ ካልተገኘ ውሉም አብሮ የሚፈርስ ይመስለዋል። አንዳንድ የክለብ ኃላፊም እንደዚያው ያስባል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

የውሉ አደጋ በማን ላይ ነው?

የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ፌዴሬሽን፣ ማለትም ፊፋ፣ ስለ ተጫዋቾች ደረጃና ዝውውር ባወጣው ደንብ አንቀጽ 18 ንዑስ አንቀጽ 4 ላይ፣ የአንድ ተጫዋች ውል መጽናት በጤና ምርመራ ውጤት ወይም በሥራ ፈቃድ መገኘት ላይ የተመሠረተ ሊሆን እንደማይችል ተደንግጓል። በሌላ አነጋገር ክለቡ መጀመሪያ ጉልበቱን አስመርምሮ፣ ወረቀቱን አጣርቶ ከዚያ ይፈርም ማለት ነው። ከፈረመ በኋላ ፈቃድ አላገኘሁለትም ብሎ ደሞዝ ማስቀረት አይችልም። ተጫዋቹ ሜዳ ባይገባም ቁጥሩ ይቆጥራል።

የአገራችንም ሕግ ቢሆን ጉዳዩን በቀላሉ የሚያየው አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156፣ የውጭ ዜጋ በኢትዮጵያ ተቀጥሮ ለመሥራት የሥራ ፈቃድ ሊኖረው እንደሚገባ ይደነግጋል። ፈቃዱ ለተወሰነ የሥራ ዓይነት ለ3 ዓመት የሚሰጥና በየዓመቱ የሚታደስ ነው። ኳስ ተጫዋች በመሆኑ ብቻ ከዚህ የሚያመልጥ የለም። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ግን በር አለ። በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለውን መታወቂያ የያዘ ሰው ያለ ሥራ ፈቃድ መቀጠር ይችላል። ሆኖም የሥራ ፈቃዱ ቀረለት ማለት የተጫዋችነት ምዝገባውና ዓለም አቀፍ የዝውውር ሰርተፍኬቱ ቀሩለት ማለት አይደለም። እነዚህ ሁለቱ ጉዳዮች በሁለት የተለያዩ ጠረጴዛዎች ላይ የሚያልቁ ናቸው።

ይህን የአርጆ ቡና ነጋዴ ለመረዳት አይቸገርም። የለቀምት ቡና ናሙናው ሳይቀመስና ደረጃው ሳይወጣለት ዋጋ አይቆረጥለትም። ከውጭ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴም ባንኩ ኤል ሲ ሳይከፍትለት መርከብ አያስጭንም። በኳስ ገበያ ግን ዋጋው አስቀድሞ ይቆረጣል፤ ቀብዱ ይከፈላል፤ ፎቶግራፉ ይነሳል፤ ወረቀቱ በኋላ ይፈለጋል።

ፈቃድና ዕድሜ

የሥራ ፈቃድ የሚለው ቃል በደጋፊው አፍ የተለመደው ከእንግሊዝ ኳስ የተነሳ ሳይሆን አይቀርም። የእንግሊዝ አሠራር ለአንጋፋ ተጫዋች ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. እስከ 2015 በነበረው ደንብ፣ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣ ተጫዋች አገሩ በፊፋ ሰንጠረዥ እስከ 70ኛ ባለው ውስጥ መሆን፣ እሱም ባለፉት 2 ዓመታት ከብሔራዊ ቡድኑ የውድድር ጨዋታዎች 75 ከመቶውን መጫወት ነበረበት። በ2015 ደረጃው ወደ 50 ወረደ። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች በኋላ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ የነጥብ አሠራር መጥቷል። የብሔራዊ ቡድን ተሳትፎ፣ በክለብ የተጫወቱት ደቂቃና የሊጉ ደረጃ ተደምረው 15 ነጥብ መሙላት ግድ ሆነ።

ኢትዮጵያ እስከ 70ኛ ባለው ደረጃ ውስጥ ገብታ ስለማታውቅ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰው ያ ትውልድ እንኳ በዚያ በር መደበኛ መግቢያ አልነበረውም። ነጥቡ ግን ሌላ ነው። ፈቃድ ሰጪው የሚመዝነው ስምን ሳይሆን በቅርቡ የተሠራን ሥራ ነው። አንጋፋ አጥቂ ስሙ ከፍ ባለበት ሰዓት ደቂቃው ይቀንሳል። ስለዚህ በደጋፊ ዘንድ ዋጋው ሲጨምር በፈቃድ ሰጪው ዘንድ ይቀንሳል። ቤልጅየም ደግሞ በሌላ መንገድ ትመጣለች። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጣ ፕሮፌሽናል ተጫዋች ከአገሬው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ዝቅተኛ ደሞዝ ደንግጋለች። ክለቡ ያን ያህል ለመክፈል ካልቆረጠ አያስመጣውም።

ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የተነሳው ሳላዲን ሰይድ በእነዚህ በሮች ያለፈ አጥቂ ነው። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ወደ ግብፁ ዋዲ ደግላ፣ ከዚያ በውሰት ወደ ቤልጅየሙ ሊርስ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ አል አህሊ፣ በ2015 ወደ አልጄሪያው ኤም ሲ አልጀር ተጉዞ ወደ አገሩ ተመልሷል። ዋዲ ደግላና ሊርስ በዚያን ጊዜ በአንድ ባለሀብት እጅ የነበሩ ክለቦች ናቸው። የቤልጅየሙን ወጪ አውቆ የተቀበለ ባለቤት ከበስተጀርባው ነበር ማለት ነው። ፍቅሩ ተፈራም ከደቡብ አፍሪካ እስከ ቼክ፣ ከዚያም እስከ ህንድ ዞሯል። በጥቅምት 2014 እ.ኤ.አ. የተጀመረውን የህንድ ሱፐር ሊግ የመጀመሪያ ጎል ለኮልካታ ያስቆጠረው እሱ ነው። እነዚህ ተጫዋቾች አገር በቀየሩ ቁጥር አዲስ ፈቃድ አስፈልጓቸዋል። ፈቃዱን ማስጨረስም የተቀባዩ ክለብ ሥራ ነው። እኛም ተቀባይ ስንሆን ሥራው የእኛ ነው።

የዶላሩ ሂሳብ

ለምሳሌ ያህል አንድ ክለብ ከውጭ የመጣን አጥቂ በወር 2,000 ዶላር ለ2 ዓመት ቢያስፈርም፣ ጠቅላላ ግዴታው 48,000 ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላሩ 57 ብር ገደማ ስለነበር ወርሃዊው ደሞዝ 114 ሺህ ብር ይሆን ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር አለፈ። በ120 ብር ቢሰላ ያው ደሞዝ 240 ሺህ ብር ነው። ፈቃዱ 6 ወር ቢዘገይ ተጫዋቹ ኳስ ሳይነካ 12,000 ዶላር፣ ማለትም 1 ሚሊዮን 440 ሺህ ብር ይቆጠርበታል። ክለቡ ደግሞ ገቢው በብር ነው፤ ያውም ካለ።

ልብ በሉ፣ ፌዴሬሽኑ በ2011 ዓ.ም. ክረምት የተጫዋች ከፍተኛ ወርሃዊ ደሞዝ 50 ሺህ ብር እንዲሆን ወስኖ ነበር። ያን ውሳኔ የተከተለው ከጠረጴዛ ሥር ይከፈላል የሚለው ሐሜት ዛሬም አልበረደም። ከጠረጴዛ ሥር የተከፈለ ገንዘብ ደግሞ ክርክር ሲነሳ ማስረጃ የለውም፤ ለከፋዩም ለተቀባዩም አይሆንም።

ያልከፈለ ክለብም ዝም አይባልም። በፊፋ ደንብ የ2 ወር ደሞዝ ያልተከፈለው ተጫዋች ክለቡን በጽሑፍ አስጠንቅቆ 15 ቀን ከሰጠው በኋላ ውሉን በበቂ ምክንያት ማፍረስና የቀሪውን ዘመን ካሣ መጠየቅ ይችላል። የተወሰነበትን ያልከፈለ ክለብም አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ ይታገዳል። አንድ አጥቂ ለማምጣት የተጀመረ ነገር ሌላ ሰው ማምጣት ወደማይቻልበት ሁኔታ ያደርሳል ማለት ነው።

ደጋፊው የሚያነሳው ተቃውሞ

በዚህ ጊዜ ከአርጆ ሻይ ቤት አንድ መልስ መምጣቱ አይቀርም፤ የጅማስ? የሚል። መልሱ መሠረት አለው። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ገና ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት ዓመት ዋንጫውን ሲወስድ፣ የሊጉ ከፍተኛ ጎል አስቆጣሪ የሆነው ናይጄሪያዊው አጥቂው ኦኪኪ አፎላቢ ነበር። 23 ጎል አስቆጥሯል። ከውጭ የመጣ አጥቂ አንድን ከተማ ሊያነቃንቅ እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ሆኖም ያው ክለብ በ2014 ዓ.ም. ከሊጉ ወርዷል። ጎል ዋንጫ ያመጣል፤ ዋንጫው ግን በየዓመቱ ደሞዝ የሚከፍል ገቢ ይዞ አይመጣም።

ዱሮ ትልቅ ስም ያለው አጥቂ ቢያንስ በስታዲየም በር ገንዘብ ይመልስ ነበር። ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ ግን የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በቴሌቪዥን እየተላለፉ በተመረጡ ከተሞች ሲካሄዱ ቆይተዋል። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ በየተራ አስተናግደዋል። ክለቡ ከደጁ ርቆ ሲጫወት አጥቂውን ለማየት የሚሰለፈው የከተማው ሰው በቴሌቪዥን ያየዋል፤ የመግቢያው ሂሳብ ክለቡ ዘንድ አይደርስም። ነቀምቴ ከነማን ከከፍተኛ ሊግ ወደ ላይ ለማውጣት የሚመኝ የወለጋ ደጋፊ ሁሉ ይህን ሂሳብ ከወዲሁ ቢይዘው ይበጀዋል። ወደ ላይ መውጣት ወጪውን እንደሚጨምር የታወቀ ነው፤ ገቢውን ግን በዚያው ልክ አይጨምርም።

ምን ይሻላል?

አንጋፋ አጥቂ አይምጣ ማለት አይደለም። ልምድ ዋጋ አለው፤ ለወጣቶቹም ትምህርት ነው። ነገር ግን አንጋፋ ተጫዋች ተመልሶ የማይሸጥ ዕቃ ነው። ውሉ ሲያልቅ በነፃ ይሄዳል። ስለዚህ ክለቡ ሊያገኝ የሚችለው በዚያ ዓመት ሜዳ ላይ የሚያገኘውን ብቻ ነው። ፈቃዱ ከዘገየ ያችኑ ዓመት ያጣታል። ከ20 ዓመት ወጣት ጋር በ6 ወር መዘግየት ብዙ አይጠፋም፤ ከ34 ዓመት አጥቂ ጋር ግን የዘገየው ግዢው ራሱ ነው።

ከዚህ የሚወጣው መመሪያ ቀላል ነው። ውሉን በፈቃድ ላይ ማንጠልጠል ካልተቻለ፣ ክለቡ በቋሚነት የሚፈርመው ገንዘብ ፈቃዱ ባይገኝ ሊያጣው ከሚችለው መብለጥ የለበትም። ዘመኑ ከአንድ የውድድር ዓመት አይለፍ፤ ፊፋም ቢሆን እስከ ውድድሩ ዘመን መጨረሻ የሚዘልቅ አጭር ውል አይከለክልም። ወርሃዊው ደሞዝ ዝቅ ብሎ፣ የቀረው በተሰለፈበት ጨዋታና ባገባው ጎል ይታሰብ። ፓስፖርቱ፣ የጤና ምርመራውና የቀድሞ ክለቡ መልቀቂያ ከፊርማው በፊት ይቅረቡ። ደላላውም ኮሚሽኑን በፊርማው ቀን ጠቅልሎ ከሚወስድ፣ ተጫዋቹ ከተመዘገበ በኋላ ይውሰድ። ያን ጊዜ ወረቀቱን ተሯሩጦ ማስጨረስ የእሱም ጥቅም ይሆናል።

የተረፈው ገንዘብ የት ይግባ ለሚል፣ መልሱ ከአርጆ ሜዳ ሩቅ አይደለም። በፊፋ ደንብ አንድ ተጫዋች ከአገር አገር በገንዘብ ሲዘዋወር፣ ከዋጋው 5 ከመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ድረስ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። በ100,000 ዶላር ለተሸጠ ልጅ፣ ከ12 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜው ያሰለጠነው ክለብ ለያንዳንዱ ዓመት 250 ዶላር፣ ከ16 ዓመት ወዲያ ደግሞ 500 ዶላር ይደርሰዋል። ይህን ለመቀበል ግን ልጁ በዚያ ክለብ ስም በፌዴሬሽኑ መዝገብ መጻፍ አለበት። ያልተመዘገበ ልጅ አድጎ ቢሸጥ ያሳደገው ሜዳ አምስት ሳንቲም አያገኝም።

የአብዛኞቹ ክለቦቻችን ኪስ የከተማ አስተዳደር በጀትና የነጋዴው መዋጮ ነው። አዋጪው ነጋዴ በሱቁ ቢሆን ኖሮ የሚጠይቀውን ለክለቡም መጠየቅ መብቱ ነው። የውሉ ዘመን ስንት ነው? ሜዳ ሳይገባ የሚከፈለው ስንት ነው? የሥራ ፈቃዱ የት ደርሷል? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ያላቀረበ ክለብ መዋጮ ሊጠይቅ ሲመጣ፣ ነጋዴው እጁን ኪሱ ከመክተቱ በፊት ቢያስብበት አይፈረድበትም።