የዳኛው እንጀራ ከየት ይመጣል?

ሰሞኑን አንድ የሕግ ተማሪ ቤቴ መጥቶ ቡና እየጠጣን ሳለ፣ «ጋሼ፤ ዳኛ ብሆን ይሻለኛል ወይስ ጠበቃ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የፍልስፍና መስሎኝ ስለ ፍርድ ክቡርነት ልሰብክለት ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ «ማለቴ፤ ደመወዙ እንዴት ነው?» ብሎ አሳረፈኝ።

አልፈረድሁበትም። ደመወዝ መጠየቅ ነውር አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወጣት ጸሐፊዎች የደረጃችሁንና የእርከናችሁን ቁጥር ከልደታችሁ ቀን ይልቅ አጥብቃችሁ እንደምታውቁት አውቃለሁ። ይሁን እንጂ የዳኛ ደመወዝ ከሌላው ሰው ደመወዝ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። የአናጢው ደመወዝ ቢያንስ የሚጎዱት አናጢውና ቤተ ሰቡ ናቸው። የዳኛው ደመወዝ ሲያንስ፣ ወይም ከማይገባ እጅ ሲመጣ ግን፣ የሚጎዳው መዝገቡን ታቅፎ በረንዳ ላይ ተራ የሚጠብቀው ባለ ጉዳይ ነው። ስለዚህ «ስንት ነው?» ከማለት በፊት «ከማን እጅ ነው?» ማለት ይገባል። (ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በእኛ አገር በጥንቱ ሥርዓት ዳኛው የሚኖረው ከባለ ጉዳዩ ነበር። ተሟጋቾቹ ነጠላቸውን አደግድገው ከዛፍ ጥላ ሥር ይቆሙና «በበቅሎ!»፣ «በፈረስ!»፣ «በማር!» እያሉ ይወራረዳሉ፤ የተረታው ወገን የተወራረደበትን ይከፍላል፤ ዳኛውም ከዚያ ይወስዳል። ዛሬ «እሰጥ አገባ» የምንለው አነጋገር የዚያን ውርርድ ሽታ ይዞ ቀርቷል። ሙግቱን ለሚያይ ሰው ደስ የሚያሰኝ ትርኢት ነበረ፤ ተከራካሪው በነገር አዋቂነቱ፣ ተመልካቹም በአድማጭነቱ ይኰራ ነበር። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ውርርዱ በከበደ መጠን የዳኛውም ድርሻ ይከብዳል፤ ማር የሌለው ድኻም እውነት ይዞ ሳለ እንደ ባለጠጋው ደፍሮ አይወራረድም።

በዚያ ላይ ዳኝነት ራሱን የቻለ ሥራ አልነበረም። አገር የተሾመ መኰንን ሁሉ ዳኛ ነው፤ ሹመቱም መተዳደሪያው ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለውን ተረት ብዙ ሰው የስግብግብነት ማረጋገጫ አድርጎ ይጠቅሰዋል። እኔ ግን ሌላም ነገር ይታየኛል። የወር ደመወዝ የሌለው፣ ነገ ይሻር አይሻር የማያውቅ ሰው፣ ከሹመቱ ካልበላ ከምን ይብላ? ተረቱ የሰውየውን ሆድ ብቻ ሳይሆን የሥርዓቱንም ጉድለት ይናገራል።

በ1907 ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስትርነቱ ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ ደረሰ። ከጠላት ወረራም በኋላ በ1942 በወጣው የፍርድ አስተዳደር አዋጅ ፍርድ ቤቶች በደረጃ በደረጃ ተደራጁ። ዳኛው ከባለ ጉዳዩ ማር ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት የተሻገረው በአንድ ቀን ሳይሆን ቀስ በቀስ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ጉድ እንዳይመስላችሁ። በእንግሊዝ አገርም ዳኞች ከንጉሡ ከሚያገኙት ሌላ ከባለ ጉዳዩ ልዩ ልዩ ክፍያ ይቀበሉ ነበር። በዚህ ላይ እጅ መንሻው አለ። ያ የተመሰገነ ፈላስፋ ፍራንሲስ ቤከን የአገሩ ከፍተኛ የፍርድ ሹም ሳለ በ1621 ከተሟጋቾች ገንዘብ በመቀበል ተከሶ ጥፋቱን አመነ፤ 40,000 ፓውንድም ተፈረደበት። (መቀጮውን በኋላ ንጉሡ ማሩለት።) ስጦታውን ቢቀበልም ፍርዱን ግን አላጣመምሁም ባይ ነበር። ምናልባት እውነቱን ይሆናል፤ ግን የተረታው ሰው ይህን እንዴት ብሎ ይመን?

የንጉሡም እጅ ቢሆን ያው እጅ ነው። ንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ በ1616 ኤድዋርድ ኮክ የተባለውን ታላቅ ዳኛ ፈቃዳቸውን ስላልፈጸመ ከሥራው አሰናበቱት። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ፓርላማው በ1701 ባወጣው ሕግ ዳኛ ጠባዩ እስካልተበላሸ ድረስ እንዳይነሣ፣ ደመወዙም ተቈርጦ የታወቀ እንዲሆን ደነገገ። ሁለቱ ቃላት ጐን ለጐን መጻፋቸውን አስተውሉ፤ ወንበሩ ሳይነቃነቅ እንጀራው ቢነቃነቅ ምን ይጠቅማል?

የተቈረጠ ደመወዝ ግን የራሱ መዘዝ አለው። በእንግሊዝ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ደመወዝ በ1832 በዓመት 5,000 ፓውንድ ሆነ። በዚያን ጊዜ ይህ ጌታ የሚያሰኝ ሀብት ነበር። ከዚያም ያው 5,000 ፓውንድ እስከ 1954 ድረስ አንዲት ሳንቲም ሳይጨመርበት ቈየ፤ 122 ዓመት መሆኑ ነው! ዋጋው ሲወጣ፣ የገቢ ግብሩ ሲከብድ፣ ዳኛው የአያቱን ደመወዝ እየተቀበለ ይፈርድ ነበር። እንዲያውም በ1931 መንግሥት ገንዘብ ቸገረኝ ብሎ ከመቶ ሃያ እጁን ቀነሰበት፤ ዳኞቹም እኛ የመንግሥት ሎሌዎች አይደለንምና አይነካንም ብለው አጕረመረሙ። በ1954 ደመወዙ 8,000 ፓውንድ ሆነ።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። የአንድ ትንሽ ከተማ ታሪክ ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ ነገሩን ያስረዳልና።

በኦሃዮ ግዛት ኖርዝ ኮሌጅ ሂል የምትባል መንደር ነበረች። መጠጥ የሚከለክለው ሕግ በጸናበት ዘመን የመንደሪቱ ከንቲባ አልኮል ይዞ በተገኘ ሰው ላይ ያለ ሸንጎ ብቻውን ይፈርድ ነበር። ተከሳሹ ጥፋተኛ ሆኖ ከተቀጣ ከንቲባው ለድካሙ 12 ዶላር ያገኛል፤ ነጻ ከለቀቀው ግን ምንም አያገኝም። ከመቀጮውም ለመንደሪቱ ግምጃ ቤት ይገባል፤ መጠጥ አነፍናፊዎቹም ድርሻ አላቸው። ከንቲባው በ1923 በሰባት ወር ከምናምን ውስጥ ከዚሁ ክፍያ 696 ዶላር ከ35 ሳንቲም ሰበሰበ። ቱሚ የተባለ ሰው ተይዞ መጣና 100 ዶላር ተቀጣ፤ እስኪከፍልም እስር ቤት እንዲቈይ ታዘዘ። ሰውየው ግን «ስቀጣ ገንዘብ የሚያገኝ፣ ስለቀቅ የሚያጣ ሰው ሊፈርድብኝ አይገባም» ብሎ ይግባኝ አለ፤ ነገሩም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ።

በ1927 ዳኞቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ ቱሚ ልክ ነው አሉ። ፍርዱን የጻፉት ቀድሞ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዋናው ዳኛ ታፍት ናቸው። አስደናቂው ነገር ከንቲባው በልቷል ወይም አድልቷል አለማለታቸው ነው። እንዲያውም ቱሚ ጥፋተኛ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ነበረ። ዳኞቹ ያሉት በአጭሩ ይህ ነው፤ እጅግ ቅን የሆነ ሰው 12 ዶላሩን ረስቶ ሊፈርድ ይችል ይሆናል፤ ሕግ ግን የሚሠራው ለቅዱሳን ብቻ አይደለም፤ መካከለኛውን ሰው የሚፈትን ክፍያ ካለ ፍርዱ ፍርድ አይባልም። የእኛ የበቅሎና የማር ውርርድ እንኳ ከዚህ ይሻል ነበር ያሰኛል፤ እዚያ ቢያንስ ማንም ይርታ ማንም ዳኛው ድርሻውን አያጣም!

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በበኩሉ በ1787 ሲረቀቅ የፌዴራል ዳኛ በሥራ ላይ ሳለ ደመወዙ አይቀነስም የሚል ቃል ገብቶበታል። ይጨመር ዘንድ ግን ይቻላል። በዚህ ላይ ክርክር ነበረ። ጄምስ ማዲሰን ጭማሪ ተስፋ የሚያደርግ ዳኛ ሕግ አውጪዎቹን ደጅ ይጠናል ብሎ ስለ ሠጋ፣ ደመወዙ ከነጭራሹ ሳይጨመር በስንዴ ዋጋ ወይም እንደ ስንዴ ባለ በማይናወጥ ነገር ቢተመን ይሻላል አለ። ገቨርነር ሞሪስ አልተቀበለውም፤ የአገር አኗኗር ይለወጣል፤ ስንዴው አይበቃም አለ። ሞሪስ ረታ። በእንግሊዝ አገር የሆነውን ለሚያውቅ ሰው ሞሪስ አስተዋይ ነበር፤ ማዲሰንም ቢሆን የሠጋው በከንቱ አልነበረም፤ ይህን ወደ ኋላ እናየዋለን።

በ1789 ደመወዙ ሲወሰን ዋናው ዳኛ በዓመት 4,000 ዶላር፣ የቀሩት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች 3,500 ዶላር ተቈረጠላቸው። የበታቾቹ ግን እንደየአገራቸው ነበር፤ የደላዌር ዳኛ 800 ዶላር ሲያገኝ የቨርጂኒያው 1,800 ያገኝ ነበር። የሥራው ብዛትና የአገሩ ኑሮ ደመወዝን እንዲለያይ ማድረጉ እንግዲህ ጥንትም የነበረ ነው።

የማዲሰን ሥጋት የታየው በ1964 ነው። ኮንግረስ ለሌሎቹ የፌዴራል ዳኞች 7,500 ዶላር ሲጨምር፣ በፍርዶቻቸው ቅር የተሰኘባቸውን የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ዳኞች ግን 4,500 ብቻ ጨመረላቸው። መቀነስ አይቻልም፤ ማኩረፍ ግን ይቻላል! ሌላም ችግር አለ። የምክር ቤት አባሎች መራጩን ሕዝብ ስለሚፈሩ ለራሳቸው ደመወዝ መጨመር ያስጨንቃቸዋል፤ ዳኛውም ከእነሱ እንዳይበልጥ በሚል ሳቢያ አብሮ ይቀመጣል። በሕግ የተገባላቸው የኑሮ ውድነት ማካካሻ በተደጋጋሚ ስለ ቀረባቸው ዳኞች ራሳቸው ከሰሱ፤ በ2012ም ተፈረደላቸው። በዚህም የታችኛው ፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ ደመወዝ በ2013 ከነበረበት 174,000 ዶላር በ2014 ወደ 199,100 ከፍ አለ። (ዳኛ ስለ ደመወዙ ሲከስስ ማን ይፈርድለታል? ሌላ ዳኛ እንጂ። ፈረንጆቹም በዚህ ይስቃሉ።)

በ2025 ያው ዳኛ በዓመት 247,400 ዶላር፣ የይግባኝ ሰሚው 262,300፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ 303,600፣ ዋናው ዳኛ 317,500 ዶላር ተወስኖላቸዋል። ብዙ ነው ትሉ ይሆናል። ነገር ግን በኒውዮርክ ካሉት ትልልቅ የጠበቆች ድርጅቶች የተቀጠረ፣ ትናንት ከትምህርት ቤት የወጣ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት 225,000 ዶላር ይጀምራል። ሃያ ዓመት ሲሟገት የኖረ ጠበቃ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ሲስማማ ከገቢው እጅግ የሚበልጠውን ትቶ ነው። ታዲያ ለምን ይስማማል? ክብሩ አንድ ነው። ሁለተኛው ግን እናንተ የመንግሥት ሠራተኞች በደንብ የምታውቁት ነገር ነው፤ ጡረታ። በ65 ዓመቱ 15 ዓመት ያገለገለ የፌዴራል ዳኛ ሙሉ ደመወዙን እስከ ዕለተ ሞቱ ያገኛል። ይህ በቁጥሩ ላይ የማይታይ ደመወዝ ነው።

በፈረንሳይና በጀርመን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ዳኛ የሚሆነው በሙግት ያረጀ ጠበቃ ሳይሆን ከትምህርት የወጣ ወጣት ነው፤ እንደ እናንተ ከታች ጀምሮ በደረጃ ይወጣል። በጀርመን የዳኞች ደመወዝ ከ«አር 1» እስከ «አር 10» የሚል መሰላል አለው፤ በታችኛዎቹ ደረጃዎች ልምድ በተጨመረ ቁጥር ይጨምራል። የጀማሪው ዳኛ ደመወዝ ከአገሩ አማካይ ደመወዝ ብዙም አይርቅም። መሰላሉ የተደላደለ ቢሆንም፣ ወደሚቀጥለው ደረጃ የሚያወጣህ ማነው? የሚለው ጥያቄ ግን ይቀራል። ደመወዝህን ማንም ባይቀንስም ዕድገትህን የሚሰጥ አለቃ ካለ፣ ያን አለቃ ማየትህ አይቀርም።

የእኛ የ1995 ሕገ መንግሥት በ79ኛው አንቀጽ ዳኛ ከሕግ በቀር በማንም እንዳይመራ፣ ከጡረታ ዕድሜውም በፊት በሕግ ከተወሰነው ምክንያት ውጭ እንዳይነሣ ይደነግጋል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶችንም ባጀት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ አዘጋጅቶ ለተወካዮች ምክር ቤት እንዲያቀርብ ያደርጋል፤ በማናቸውም ሌላ መሥሪያ ቤት ደጅ እንዳይጠና ነው። ደመወዝ አይቀነስም የሚል ቃል ግን በዚያ አንቀጽ ውስጥ የለም። በበኩሌ ቢኖር እወድ ነበር።

ይህን ሁሉ ለተማሪው ስነግረው ቡናው ሦስተኛ ደርሶ ነበር። ሲያዳምጥ ቈይቶ ስለ ማዲሰንም ስለ ቱሚም አንዳች አልጻፈም። ስለ ቦርዶ ስነሣ ግን፣ ማለትም በዚያች ከተማ የፈረንሳይ ዳኞች የሚማሩበት ትምህርት ቤት እንዳለና ተማሪዎቹም ገና በመማር ላይ ሳሉ ደመወዝ እንደሚከፈላቸው ስነግረው፣ ደብተሩን አውጥቶ መጻፍ ጀመረ። እዚያ ለመግባት የፈረንሳይ ዜግነት እንደሚያስፈልግ ስጨምርለት ብዕሩን ከደነና ቀሪውን ቡና ጠጣ።