የቴሌቪዥን ወርኀዊ ክፍያና የነጋዴው ሒሳብ

በድሬዳዋ ከከዚራ እስከ ገንደ ቆሬ በየጣራው ላይ የሚታየው የቴሌቪዥን ሳህን ሁሉ ሒሳቡ አንድ አይደለም። አንዱ ባለቤቱን በየወሩ ያስከፍላል፤ ሌላው ግን አንድ ጊዜ ተገዝቶ ከተተከለ በኋላ ወጪው የመብራት ብቻ ነው።

ቃና በ2008 ዓ.ም. የውጭ አገር ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማሰማት ከጀመረ፣ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ኢትዮሳት በተባለው የጋራ መሥመር መሰብሰብ ከጀመሩ ወዲህ፣ ለዜናና ለድራማ ሲባል በየወሩ የመክፈል አስፈላጊነት ቀንሷል። የሚያስፈልገው ሪሲቨርና የሳህኑን አቅጣጫ የሚያስተካክል ባለሙያ ነው።

ይሁን እንጂ ክፍያውን ማቋረጥ ለሁሉ እኩል ትርፍ አይሆንም። በዲኤስቲቪ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በሚታይበት ዕለት ወንበሩ የሚሞላለት የቡና ቤት ባለቤት፣ ክፍያውን እንደ ስኳርና እንደ ቡና መግዣ ሊቆጥረው ይችላል። በሱቁ ውስጥ ለጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ያስገባው ነጋዴ ግን በየወሩ ከትርፉ ላይ ይቀንሳል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ እንዴት እንደተወደደ ከአስመጪው የበለጠ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ መዝገቡን ገልጦ፣ ክፍያው ያመጣለትን ገቢ ከወጪው ጋር ማስተያየት ይገባዋል።

ሳህንና ሪሲቨር የሚሸጠው ባለሱቅም ገዢውን በቅንነት ቢመክር ይጠቀማል። ኳስ ለማይመለከት ቤተሰብ ወርኀዊ ውል ያስገባ ሻጭ የአንድ ቀን ገበያ ያገኛል፤ የሚበቃውን ዕቃ ለይቶ የሰጠ ግን ደንበኛ ያፈራል።