የበዓል ልብስና የሸማኔው ዋጋ

በዓለ ጥምቀት በተቃረበ ቁጥር ብዙዎቻችን አንድ ቀን ወስነን፣ ልጆቻችንን አስከትለን ወደ ሽሮ ሜዳ መውጣታችን የታወቀ ነው። አበው «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እንዲሉ፣ ነጭ ለብሶ ታቦት ማጀብ የቆየ ልማዳችን ነውና። በእንጦጦ ግርጌ የተሰለፉት ሱቆችም ከነጠላና ከጋቢ እስከ ጥልፍ ቀሚስ የማይዙት የለም።

ዳሩ ግን ከሱቁ በስተጀርባ ያለውን ድካም የምናስተውል ስንቶቻችን ነን? ከጋሞ ደጋ፣ በተለይም ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች በዚያው አካባቢ ሰፍረው ሙያውን ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉ ኖረዋል። ፈታይዋ ጥጡን ዳምጣ፣ ባዘቶውን በእንዝርት ትፈትላለች፤ ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ እያመላለሰ ድርና ማጉን ያዋሕዳል። ጥበብ ያለበት ሲሆን የብዙ ቀናት ሥራ ነው።

እንዲህ የሚደክመው ሰው ቀድሞ «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ባለ እጅን መስደብ ከለከሉ። ስድቡ ከአፋችን ቢርቅም፣ ንቀቱ በዋጋ ክርክራችን ውስጥ ተሸሽጎ እንዳይሆን ራሳችንን ልንመረምር ይገባናል። መከራከር የገበያ ወግ ነው፤ የሻጩን ችግር ዐውቆ ከድካሙ በታች ማስወረድ ግን ወግ አይደለም። የሙሴ ሕግ ለድኻ ሠራተኛ ደመወዙ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፈለው ያዛል። የጌታችን እጀ ጠባብም ስፌት የሌለበት ወጥ የሽመና ሥራ እንደነበረ ወንጌላዊው ዮሐንስ መስክሯል፤ እንግዲህ ይህን ሙያ ማን ይንቀዋል?

በሌላ በኩል፣ ጥበብ አስመስሎ በፋብሪካ የታተመ ጨርቅ ገበያውን እየተሻማ ነው። አቅም ያጣ ወገን ርካሹን ቢለብስ አይነወርም፤ ነውሩ ኅትመቱን «የእጅ ሥራ ነው» ብሎ መሸጥ ነው። ገዢውም ጨርቁን ገልብጦ ይመልከት፤ የታተመው ቀለም በጀርባው ሲደበዝዝ፣ በሽመና የገባው ጥበብ ግን ክሩ ከድሩ ጋር ተሳስሮ ይታያል።

ስለዚህ የበዓሉን ዋዜማ ሳንጠብቅ ቀደም ብለን እንዘዝ፤ ቀብዱን በወቅቱ እንክፈል፤ የተስማማንበትንም ዋጋ ልብሱ ካለቀ በኋላ አንሸርፍ። ነጩ ልብሳችን ለዓይን ብቻ ሳይሆን በእግዚአብሔርም ፊት ንጹሕ የሚሆነው የሠራው እጅ ሳያዝን ስንለብሰው ነው።

መልካም በዓል ያድርግልን።