ሳይሞክሩ መፍረድ

ሊኑክስ ለብዕር ታብሌት አይሆንም የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብኩ። ክርክሩ ሦስት ነው፦ ንክኪ አይችልም፣ ብዕር አያውቅም፣ የሊኑክስ ስርጭት መምረጥም ከንቱ ድካም ስለሆነ ቀላሉን ጭኖ መገላገል ይሻላል።

ከመጨረሻው ልጀምር። ቀላል የተባለው ዴስክቶፕ፣ ኤክስኤፍሲኢ፣ የታሰበው ለማውስና ለኪቦርድ ነው። እሱን ታብሌት ላይ ጭኖ «ጣቴን አልሰማም አለኝ» ማለት፣ ጫማን እጅ ላይ አጥልቆ ጠበበኝ እንደማለት ነው። ግኖም የተባለውን ዴስክቶፕ የያዘው የፌዶራ ዎርክስቴሽን ስርጭት ግን የስክሪን ኪቦርድና በጣት የሚታዘዝ ገጽ ይዞ ይመጣል፤ ለንክኪ የሚመቸውን የማሳያ ሥርዓት ዌይላንድንም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ መደበኛው አድርጓል።

ብዕር አያውቅም? የብዕር አምራቹ የዋኮም ድራይቨር እኮ የሊኑክስ እምብርት በሆነው ከርነል ውስጥ ነው! የስዕል ፕሮግራሙ ክሪታ የእጅን ጫና ለይቶ መስመሩን ያወፍራል፣ ያቀጥናል። የማስታወሻ ፕሮግራሙ ዙርናል ፕላስ ፕላስ ፒዲኤፍ ላይ በእጅ ያጽፋል።

አንዳንድ የማይክሮሶፍት ሰርፌስ ሞዴሎች ለንክኪና ለብዕር የተለየ ከርነል መፈለጋቸው እውነት ነው። ይህ ግን «ምርጫ ከንቱ ነው» የሚለውን ያፈርሰዋል እንጂ አይደግፈውም፤ ያ ከርነል ተዘጋጅቶ የሚገኘው እንደ ፌዶራ፣ ኡቡንቱና አርች ላሉት ነውና።

አብዛኞቹ ስርጭቶች ሳይጫኑ ከፍላሽ ይነሳሉ። መጀመሪያ ብዕሩን፣ ንክኪውንና የስክሪኑን መዞር ፈትሹ፤ ፍርዱ ከዚያ ይምጣ።